ሦስት ጊዜ ተረጭቶ ያልጠፋ ስኬል፦ ስለ ሐረግ ተክል ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ግድግዳ ላይ ያሳደግኩት ስድስት ዓመት የሞላው ጃስሚን አለኝ። ከጥቂት ወራት ወዲህ ቅጠሉ ጥላሸት የተቀባ መስሏል፤ ሲነኩት ያጣብቃል። ግንዱና ቅርንጫፎቹ ላይ የክብሪት ራስ የሚያካክሉ ቡናማ ጉብጉቦች ተደርድረዋል። ጉንዳን ሌት ተቀን ይመላለስበታል። በየሁለት ሳምንቱ፣ በአጠቃላይ ሦስት ጊዜ፣ ፀረ ተባይ ረጨሁት፤ ጉብጉቦቹ ግን እንዳሉ ናቸው። ከጎኑ ወዳለው ቡገንቪል ሳይዛመት ነቅዬ ብጥለው አይሻልም?»

ምላሽ፦ አይንቀሉት። ከገለጹልኝ ምልክት ስነሣ፣ ሥሩ ስድስት ዓመት መሬት የያዘ ጃስሚን በዚህ ብቻ የሚሞት አይመስለኝም። መርጫውን ግን ለጊዜው አጥበው ያስቀምጡት። «እንዳሉ ናቸው» ሲሉኝ መጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብ መድኃኒቱ ምን ነበር የሚል ሳይሆን፣ በሕይወት እንዳሉ በምን አወቁ የሚል ነው። ጉብጉቦቹ ስኬል የሚባሉ፣ ተክል ላይ ተለጥፈው ጭማቂውን የሚመጡ ጥቃቅን ነፍሳት ናቸው፤ ስኬል ሲሞት አይረግፍም። ቅርፊቱ ቅርንጫፉ ላይ እንደተለጠፈ ለብዙ ወራት ይቆያል። ቆሞ ለሚያይ ሰው ሙቱና ሕያው አንድ ነው። የመጀመሪያው ርጭትዎ ግማሹን ጨርሶት ሊሆን ይችላል፤ አንዱንም ሳይነካ ቀርቶም ሊሆን ይችላል። ከላይ በማየት ብቻ አይታወቅም።

ስለዚህ በጥፍርዎ ይጀምሩ። ከሐረጉ የተለያየ ቦታ፣ ከላይም ከታችም፣ ከፊትም ከግድግዳው በኩልም አምስት ቅርንጫፍ ይምረጡ። ከእያንዳንዱ ላይ ሃያ ሃያ ስኬል እያነሡ ይገልብጡ። ሲጨፈለቅ እርጥበት ከወጣው፣ ሕያው ነበር። ደርቆ እንደ ገለባ ከተሰባበረ ወይም ብን ካለ፣ ከሞተ ቆይቷል። ጀርባው ላይ በመርፌ የተበሳ የመሰለ ክብ ቀዳዳ ካለው ደግሞ ደስ ይበልዎት፤ ውስጡ ያደገች ጥቃቅን ተርብ በልታው፣ ቅርፊቱን በስታ ወጥታለች ማለት ነው። ሦስቱንም ለየብቻ ይቁጠሩ፣ ወረቀት ላይም ይጻፉት። መቶ ስኬል ለመቁጠር ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ያ ቁጥር ከሌለዎት ወደፊት የሚያደርጉት ነገር ሁሉ ሠራ አልሠራ ማለት አይችሉም። ወደኋላ ላይ እመለስበታለሁ።

በዚያው ጥፍር ዓይነቱንም ይለዩታል። ስኬል አንድ ተባይ አይደለም፤ ስም የወጣላቸው ዝርያዎች ብቻ ከ8,000 በላይ ናቸው። ለአትክልተኛ ግን ሁለቱን ትልልቅ ወገኖች መለየት ይበቃዋል። አንደኛው ጋሻማው ነው። ይህኛው ከሰምና ከአሮጌ ቆዳው ያበጀውን ጋሻ ከላዩ ደፍቶ ይኖራል፤ ጋሻው ከገላው ጋር አልተጣበቀም። ጫፉን በጥፍር ቢያነሡት ክዳኑ ብቻ ይነሣና ለስላሳው አካል ቅርንጫፉ ላይ ይቀራል። ሁለተኛው ለስላሳው ስኬል ነው። እዚህ ቅርፊት የሚመስለው የራሱ የነፍሳቱ ጀርባ ስለሆነ፣ ሲያነሡት ሁሉም አብሮ ይገለበጣል። ይህን የምጠይቅዎ ለዕውቀት ያህል አይደለም። ለስላሳው ስኬል መርፌ መሰል አፉን ሰክቶ የሚመጠው ተክሉ ስኳር ከሚያጓጉዝበት ቱቦ ነው፤ የማይፈልገውን ስኳር ጣፋጭ ጠብታ አድርጎ ያወጣዋል። ጋሻማው ግን ከቱቦው አይጠጣም። የቅጠሉንና የልጡን ሴሎች አንድ በአንድ እየወጋ ውስጣቸውን ይመጣል፤ ጣፋጭ ጠብታም የለውም። ስለዚህ ማጣበቅ፣ ጥላሸትና ጉንዳን ሲደመሩ፣ ጥፍርዎ ቢስትም፣ እርስዎ ዘንድ ያለው ለስላሳው ነው ብዬ ለመናገር አልፈራም።

ጥላሸት ያሉት በሽታ አይደለም። በጠብታው ላይ የሚበቅል ሻጋታ ነው፤ ወደ ቅጠሉ ሥጋ አይገባም፤ ክፋቱ ብርሃን መጋረዱ ነው። ሳሙና ባለው ውሃ ይለቃል። ለእሱ ብሎ የፈንገስ መድኃኒት መርጨት በከንቱ መድከም ነው፤ ጠብታው ከቆመ ሻጋታውም ይደርቅና እየተላጠ ይሄዳል።

ማጉያ መነጽር ካለዎት የጉብጉቡን ጀርባ ይመልከቱ። ሁለት ቋሚ መስመሮችን አንድ አግዳሚ ያገናኛቸው የሚመስል ጉብታ ካለበት፣ ጥቁሩ ስኬል የሚባለው ነው። ዝርግ፣ ቢጫ ወደ ቡናማ የሚያደላና ዝንጉርጉር ከሆነ ደግሞ ቡናማው ለስላሳ ስኬል ነው። ጥቁሩ እንቁላሉን ከሆዱ ሥር ያከማቻል፤ አንዷ እናት ከሺህ በላይ ልትጥል ትችላለች። እናቲቱ ሞታ ደርቃ እንኳ ጀርባዋ ለእንቁላሎቹ ጣራ ሆኖ ያገለግላል። ቡናማው እንቁላል አያከማችም፤ ጥቂት ጥቂት እያለ በሕይወት ያለ እጭ ይወልዳል፤ ስለዚህ አንድ ቅርንጫፍ ላይ የሁሉም ዕድሜ ስኬል ተቀላቅሎ ይገኛል። ሁለቱም ወንድ ሳያስፈልጋቸው ይራባሉ። አንዲት ሴት ከተረፈች መንደሩ እንደገና ይቆረቆራል።

አሁን ወደ ሦስቱ ርጭቶች ልመለስ። አዋቂዋ ስኬል ቦታ አትቀይርም፤ ዕድሜዋን እዚያው ተተክላ ትኖራለች። ጀርባዋ ደንድኖ በሰም ተለብጧልና የሚነካ መድኃኒት ሁሉ ከላይዋ ይንሸራተታል። በሕይወቷ ውስጥ ራቁቷን የምትሆንበት ጊዜ አንድ ብቻ ነው፤ ተፈልፍላ የምትሳብበት ጊዜ። እጩ ርዝመቱ ከሩብ ሚሊሜትር ብዙም አይበልጥም፣ እግር አለው፣ ቅርፊት የለውም። ለጥቂት ሰዓታት፣ ቢበዛ ለጥቂት ቀናት ይሳባል፤ ነፋስ፣ ወፍ፣ የአትክልተኛ እጅጌና መቀስም ሩቅ ያደርሱታል። ከዚያ ቦታ መርጦ አፉን ይተክልና መሸፈን ይጀምራል። እርስዎ በየሁለት ሳምንቱ የረጩት የቀን መቁጠሪያ አይተው እንጂ እጭ አይተው አልነበረም። አንዳንዱ ርጭት ደንዳና ጀርባ ላይ ፈሷል፤ እንቁላሎቹ ደግሞ ከእናት ሥር ሆነው ርጭቱን አሳልፈው በማግሥቱ ተፈልፍለዋል።

ሌላም አለ፤ ይህኛው የበለጠ ይከነክነኛል። ምን እንደረጩ አልነገሩኝም፤ ያገኘውን ሁሉ የሚገድል ዓይነት ከነበረ፣ ከስኬሉ ይልቅ የስኬሉን ጠላቶች ሳይጨርስ አልቀረም። ስኬሉ ቅርፊት አለው፤ ተርቧ የላትም። ሥራውን በጀመርኩባቸው ዓመታት እኔም ይህንኑ ጥፋት ሠርቻለሁ። አንድ የራሴን ሐረግ በተከታታይ ስረጭ ቆይቼ፣ «ምን ዓይነት የማይሞት ነገር ነው» ብዬ በመጨረሻ ጥቂት ቅርፊቶች በማጉያ ሳይ፣ የሚበዙት ቀዳዳ ነበራቸው። ያ ሁሉ መድኃኒት ሲፈስ የነበረው ባዶ ቤት ላይ ነበር፤ የሞቱት ደግሞ ቤቱን ባዶ ያደረጉልኝ ተርቦች ነበሩ።

በታሪክም ሰፋ ብሎ የታየ ነገር ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1880ዎቹ ጥጥ መሰል የእንቁላል ከረጢት የሚሸከም አንድ የስኬል ዓይነት የካሊፎርኒያን የብርቱካን እርሻዎች ሊያጠፋ ደርሶ ነበር። አልበርት ኮቤሌ የተባለ ባለሙያ ተባዩ ወደመጣበት አውስትራሊያ ሄዶ፣ በ1888 እና በ1889 ቬዳሊያ የተባለች ቀይና ጥቁር ትንሽ ጥንዚዛ ላከ። ጥንዚዛዋ በወራት ውስጥ እርሻዎቹን አጸዳቻቸው። በ1940ዎቹ ዲዲቲ በስፋት መረጨት ሲጀምር ግን ጥንዚዛዋ አለቀች፤ ስኬሉም ተመልሶ አገረሸ።

ሐረግ ከሌላ ተክል የሚለይበትን አሁን ላንሣ፤ የእርስዎ ችግር ግማሹ እዚህ ያለ ይመስለኛል። አንድ ቁጥቋጦ ዙሪያውን ዞሮ ማየት ይቻላል። ግድግዳ ላይ የወጣ ጃስሚን ግን የሚያሳየን ፊቱን ብቻ ነው። አዲሱ ቅጠል በአሮጌው ላይ እየተደራረበ ጣራ ይሠራል፤ ውስጡ ደረቅ እንጨትና የቆየ ቅጠል ይከማቻል። ቅርንጫፉ በሽቦው ላይ ሲጠመጠም፣ ሽቦና ቅርንጫፍ በሚነካኩበት ስንጥቅ ምንም ጠብታ አይደርስም። የግድግዳው ወገን ዝናብ አይመታውም፤ ሙቀትና አቧራ ይጠራቀምበታል። አቧራ ደግሞ ተርቦችን ያውካል፤ ስኬሉን ግን ቅንጣት አይጎዳውም። እርስዎ ፊት ለፊት ቆመው ሲረጩ የረጠበው ጣራው ነው። የስኬሉ መንደር ከጣራው በታችና ከኋላ ነው። ሽቦውን አንድ ቦታ ፈትተው ቅርንጫፉን ገልብጠው ቢያዩ የምለው ይገባዎታል፤ ፊት ለፊት አምስት ባዩበት ቅርንጫፍ ከኋላው ሃምሳ ሊያገኙ ይችላሉ።

እንግዲህ የመጀመሪያው ትልቅ ሥራ መቀስ ነው። ጃስሚን ግርዛትን ይችላል። አበባው ካለፈ በኋላ ደረቁን፣ እርስ በርሱ የተጠላለፈውንና ስኬል እንደ ዛጎል የደረደረበትን ቅርንጫፍ ከሥሩ ያውጡ። በአንድ ጊዜ ከሲሶው በላይ ባይቆርጡ እመርጣለሁ፤ ቅጠል ሲራቆት ለዓመታት ጥላ ውስጥ የኖረው ልጥ በፀሐይ ይቃጠላል። በጣም ከከፋ ግን ጤነኛ ጃስሚን ከመሬት ግማሽ ሜትር አካባቢ ተቆርጦም መልሶ ያቆጠቁጣል፤ የአንድ ወይም የሁለት ወቅት አበባ መክፈል ነው። ሁሉም ሐረግ እንዲህ አይደለም። ዊስተሪያ ለምሳሌ ብዙውን ጊዜ በሌላ ግንድ ላይ ተዳቅሎ ስለሚሸጥ፣ ከተዳቀለበት ጉልበት በታች ከቆረጡት የሚያድግልዎ ሌላ ተክል ነው።

የቀረውን ከሽቦው ያላቁት። ማሰሪያዎቹን ፈትተው፣ ዋና ዋናዎቹን ቅርንጫፎች ብቻ ለየብቻ ዘርግተው መልሰው ይሰሯቸው፤ ከተቻለም ሽቦው ከግድግዳው ቢያንስ አምስት ሳንቲሜትር እንዲርቅ ከሥሩ ማራቂያ ያስገቡ። ይህ አሰልቺ ነው፤ ምናልባት የአንድ ሙሉ ቀን ሥራ ነው። ግን ከዚያ በኋላ የሚረጩት ሁሉ የሚደርስበት ቦታ ይኖረዋል፤ ነፋስና ተርብም እንደዚሁ። የተቆረጠውን ተክሉ ሥር አይተዉት፤ ቅርንጫፉ ሲደርቅ እጮቹ ለቀው ይሳባሉ። በፕላስቲክ ከረጢት አስረው ያስወግዱት። በቆጠራዎ ቀዳዳ የበዛበት ሆኖ ካገኙት ግን አንድ ብልሃት አለ፦ ከማንኛውም ተክል ራቅ አድርገው ባዶ መሬት ላይ ለጥቂት ቀናት ይተዉት። እጮቹ በእግራቸው ሩቅ አይሄዱም፤ ውስጥ ያሉት ተርቦች ግን ወጥተው ይበራሉ።

ወፍራሙ ግንድ ላይ ያለውን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በሳሙና ውሃ ይፈትጉት። ልጡ ለጋ ከሆነ በለሰለሰ ጨርቅ። ከመፈተግ የሚበልጥ መድኃኒት አላውቅም፤ ቅርፊቱን ከእንቁላሉ ጋር ያነሣዋል፤ ደግሞም ሙቱ ቅርፊት ስለሚለቅ ከዚያ በኋላ የሚያዩት ጉብጉብ ሁሉ አዲስ ነው። ጥቂት ብቻ ለቀረበት ቀጭን ቅርንጫፍ በአልኮል የተነከረ ጥጥ ይበቃል፤ መጀመሪያ አንድ ቅጠል ላይ ሞክረው፣ ካልተቃጠለ ይቀጥሉ። ሲጨርሱ በጠንካራ የውሃ ግፊት፣ በተለይ ከኋላ በኩል፣ አቧራውንና ማጣበቂያውን ይጠቡት።

ጉንዳኑን አይናቁት። ጉንዳን ለስኬል ጠባቂ ነው፤ ጣፋጩን ጠብታ ይቀበላል፣ በምላሹ እንቁላሏን ልትጥል የመጣችውን ተርብና የጥንዚዛ እጭ ያባርራል። ጉንዳን በተከለከለበት ተክል ላይ፣ ሌላ ምንም ሳይደረግ፣ ስኬል ሲቀንስ በተደጋጋሚ አይቻለሁ። ዛፍ ላይ ቢሆን ግንዱን በጨርቅ ወይም በወረቀት ጠቅልሎ በላዩ የሚያጣብቅ ቅባት መቀባት ይበቃ ነበር። ሐረግ ላይ ግን ጉንዳኑ በግንዱ ብቻ አይመጣም፤ በሽቦው፣ በርብራቡ፣ በግድግዳው፣ ከጎኑ ባለው ቡገንቪል ድልድይነትም ይሻገራል። ስለዚህ በማለዳ ጥቂት ቆመው መስመሩን ይከተሉ፤ የት እንደሚገባ ሲያውቁ ያንን ይዝጉ። የሚነካካውን ቅርንጫፍ ይቁረጡ፤ የድጋፉን እግርና ሽቦው ግድግዳ የሚነካበትን ቦታ ይቀቡ። ቅባቱን ልጡ ላይ በቀጥታ አይቀቡት፤ ይጎዳዋል፤ አቧራ ሲሸፍነውም ያድሱት።

ግድግዳው ራሱ መንገድ ከሆነ ያለው አማራጭ ወጥመድ ነው። አንድ ሊትር የስኳር ውሃ ውስጥ ከ5 እስከ 10 ግራም ቦሪክ አሲድ አሟሙተው፣ ክዳኑ በተበሳ ትንሽ ዕቃ፣ ልጆችና እንስሳት በማይደርሱበት መስመሩ ላይ ያስቀምጡ። «ቶሎ ይግደለው» ብለው አይጨምሩበት። መጠኑ ሲበዛ ጉንዳኑ መንገድ ላይ ይሞታል፤ ሲያንስ ግን ጎጆው ድረስ ተሸክሞ ሌሎቹን ይመግባል። የሚፈለገውም ይኸው ነው።

አሁን መርጨት እንችላለን፤ መቼ የሚለውን ግን ራሱ ስኬሉ ይነግርዎታል። በሁለቱም ፊቱ የሚያጣብቅ ግልጽ ፕላስተር ይውሰዱና፣ ሕያው ስኬል ባለባቸው አራት አምስት ቅርንጫፎች ላይ፣ ከጉብጉቦቹ ጥቂት ከፍና ዝቅ ብለው፣ ዙሪያውን አንድ ዙር ይጠምጥሙ። በየሳምንቱ እየቀየሩ የተነሣውን ነጭ ወረቀት ላይ ለጥፈው በማጉያ ይዩት። ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ብናኝ የመሰለ፣ ቀረብ ሲሉት ግን እግር ያለው ነገር ከተጣበቀ፣ እጮቹ ወጥተዋል። ቁጥሩ በጣም ሲያሻቅብ፣ ወይም አሻቅቦ ዝቅ ማለት ሲጀምር፣ ያኔ ይርጩ። ቡናማው ስኬል ከሆነ ግልጽ የሆነ ከፍታ ላያገኙ ይችላሉ፤ መውለዱ አያቋርጥምና። እዚያ ላይ ከአሥር ቀን ገደማ ልዩነት ጋር ሁለት ሦስት ጊዜ መድገም ግድ ነው።

የምመርጠው ለአትክልት ተብሎ የተዘጋጀ የተጣራ ዘይት ነው። የሚገድለው በመመረዝ ሳይሆን አየር በማሳጣት ስለሆነ እጩንም፣ ገና ቅርፊቱ ያልጠነከረውንም ያፍናል፤ ከደረቀ በኋላ ዘግይተው ለሚመጡት ተርቦች ጉዳቱ ትንሽ ነው። ቅጠል ላለው ተክል በአንድ ሊትር ውሃ ከ10 እስከ 20 ሚሊሊትር የተለመደ መጠን ነው፤ የዕቃው መመሪያ ሌላ ካለ መመሪያውን ያክብሩ። ዘይቱና ውሃው ስለሚለያዩ መርጫውን እየነቀነቁ ይርጩ። ዘይት የሚሠራው የነካውን ብቻ ነው፤ የቅጠሉ ሆድ፣ የቅርንጫፉ ጀርባና የሽቦው ስንጥቅ እስኪንጠባጠብ ድረስ መራስ አለበት። ውሃ የጠማው ተክል ላይ አይረጭም፤ አንድ ቀን ቀደም ብለው ያጠጡት። ሙቀቱ 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍም አይረጭም። ድኝ ከረጩ ደግሞ አንድ ወር ያህል ይጠብቁ፤ ሁለቱ ሲገናኙ ቅጠል ያቃጥላሉ። ሐረጉን በሙሉ ከመርጨትዎ በፊት አንድ ቅርንጫፍ ላይ ሞክረው ጥቂት ቀን ይታገሡ።

ዘይት ካጡ ለተባይ የተዘጋጀ ሳሙና እጩን ይገድላል፤ ግን እርጥብ እስከሆነ ድረስ ብቻ ነው፣ ሲደርቅ ኃይሉ ያልቃል። ውሃዎ ካልሲየም የመሰለ ማዕድን የበዛበት ከሆነ ሳሙናው ይረጋል፤ የዝናብ ውሃ ይጠቀሙ። የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ቅባት ለመግፈፍ የተሠራ ነው፤ የቅጠሉንም የሰም ሽፋን ይገፍፋል። ለብሩሹ ሥራ ትንሽ ጠብ ቢያደርጉ ግድ የለም፤ ታጥቦ ይወጣል። ለርጭት ግን አልመክርም። የኒም ዘይትም ይሠራል፤ ሽፋኑና ትዕግሥቱ እንደ ሌላው ዘይት ነው።

«በሥሩ የሚጠጣ መድኃኒት ባጠጣውስ?» የሚል ሐሳብ መጥቶብዎ ይሆናል። ኢሚዳክሎፕሪድ የመሰሉት ከተክሉ ጭማቂ ጋር ስለሚዘዋወሩ ለስላሳውን ስኬል ይገድላሉ፤ ጋሻማውን ግን፣ ከቱቦው ስለማይጠጣ፣ እምብዛም። ችግሩ ጃስሚንም ቡገንቪልም አበባ መሆናቸው ነው። መድኃኒቱ ወደ አበባው ማርና ብናኝ ይገባል፤ እንጨታማ ተክል ውስጥም ለረጅም ወራት ይቆያል፤ የሚቀምሱት ንቦች ናቸው። የአውሮፓ ኅብረት በአውሮፓ አቆጣጠር በ2018 ይህንንና ሁለት ዘመዶቹን ከዝግ ግሪንሃውስ ውጭ የከለከለው ለዚሁ ነው። በመቀስና በብሩሽ የሚደረስበት የቤት ሐረግ ላይ እኔ አልጠቀምበትም።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ስታጸዱ አጋዥ ሰው ካለ ቀድመው ያሳዩት። ነጭ፣ ጥጥ የለበሰ የሚመስል፣ ከስኬሉ የሚተልቅና ፈጠን ብሎ የሚንቀሳቀስ ነገር ካገኛችሁ አትጨፍልቁት። ስኬልና ነጭ ብናኛም ተባይ የምትበላ የአንዲት ጥንዚዛ እጭ ሊሆን ይችላል፤ የምታድነውን መስላ ነው የምትኖረው። ባለማወቅ በጣት የሚገደለው ረዳት በመድኃኒት ከሚሞተው የሚያንስ አይመስለኝም።

ስለ ማዳበሪያ አጭር ነገር ልበል። ቅጠሉ ጠውልጎ ሲያዩ ዩሪያ ለመጨመር አይቸኩሉ። ናይትሮጅን የበዛበት ለጋ ቅርንጫፍ ለስኬል ድግስ ነው፤ እናቶቹም አብዝተው ይወልዳሉ። ጠለቅ ያለ ውሃና ሥሩ ላይ የበሰበሰ ብስባሽ ይበቃዋል።

ቡገንቪሉን ዛሬውኑ በጥፍርዎ ይዩት። ሁለቱ የሚነካኩበትን ቅርንጫፍ ቆርጠው በመካከላቸው ክፍተት ይተዉ። ጃስሚኑን በቆረጡበት መቀስና በለበሱት ልብስ ወዲያው ወደ እሱ አይሂዱ፤ ሁልጊዜ ጤነኛውን አስቀድመው ታማሚውን መጨረሻ ያድርጉ። ስኬሉ ቡገንቪሉ ላይ ቢገኝ እንኳ ያው ሥራ ነው፤ ቡገንቪልም ግርዛት ይወዳል፣ እሾሁ ብቻ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ይህን የሚያነብ ሌላ ሰው ዘንድ ያለው ጋሻማው ከሆነ፣ ለምሳሌ የግድግዳ አይቪ ላይ ክብና ዝርግ ነጫጭ ነጥብ ካየ፣ ማጣበቅም ጉንዳንም አይፈልግ። ምልክቱ ቅጠል ላይ የሚወጣ ቢጫ ነጠብጣብና ከጫፍ እየደረቀ የሚመጣ ቅርንጫፍ ነው። ጋሻማው ዝም ብሎ ስለሚሠራ ዘግይቶ ነው የሚታየው፤ ቅርንጫፍ በመግደል ግን ከለስላሳው ይከፋል። መቀሱ፣ ብሩሹ፣ ፕላስተሩና ዘይቱ ለእሱም ያገለግላሉ። ወይን ወይም ፓሽን ፍሩት ላይ ከሆነ ደግሞ ማንኛውም የሚረጭ ነገር ለሚበላ ፍሬ የተፈቀደ መሆኑንና ከለቀማ በፊት ስንት ቀን መጠበቅ እንዳለበት መመሪያው ላይ ይፈልግ፤ ዘይት የወይኑን ፍሬ የብናኝ ሽፋን ስለሚገፍፍ ፍሬ ከያዘ በኋላ ባይረጭ ይሻላል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ወረቀት። ገረዙ፣ ፈተጉ፣ ጉንዳኑን ዘጉ፣ በእጩ ሰዓት ረጩ እንበል። ከስድስት ሳምንት በኋላ እንደገና መቶ ይቁጠሩ። ከመቶው ሕያው የሆነው ከግማሽ በታች ወርዶ ቀዳዳ ያለው ከጨመረ፣ አንድ ተጨማሪ ጠብታ እንኳ አልረጭም፤ ተርቦቹ ሥራ ላይ ናቸው። ሕያዋኑ እንደነበሩ ከሆኑ በአብዛኛው ያልደረሱበት ቦታ አለ፤ ከሽቦው ሥር፣ ከጣራው በታች ወይም ጎረቤት ተክል ላይ። የድሮው ቅጠል ጥላሸት ምንም አይነግርዎትም፤ መታየት ያለበት ከግርዛቱ በኋላ የወጣው አዲስ ቅጠል ነው፤ እሱ ካላጣበቀ መንገድ ላይ ነዎት። ሙሉ በሙሉ ማጥፋት አይጠብቁ። ጥቂት ስኬል መቅረቱ ለተርቦቹ ቀለብ ነው።

የመጀመሪያውን ቆጠራ እንደጨረሱ ሦስቱን ቁጥሮች፣ ሕያው፣ ደረቅ፣ ቀዳዳ ያለው፣ ከተገለበጠ የአንድ ስኬል ፎቶ ጋር ቢልኩልኝ፣ ጥቁሩ ይሁን ቡናማው ለይተን መቼ መርጨት እንዳለብዎ እንነጋገራለን። ባለፈው የረጩትን መድኃኒት ስምም ጨምሩበት፤ ሁሉን ገዳይ ዓይነት ከነበረ ተርቦቹ እስኪመለሱ ጥቂት ወራት መጠበቅ ሊኖርብን ነው፣ ያኔ ብሩሹ ላይ በርታ ማለት አለብን።